ሚኒያፖሊስ፦ የቤት ግብራችሁን ማን፣ መቼ እና እንዴት ይወስነዋል?

ሜይ 15 እና ኦክቶበር 15። ሚኒሶታ ውስጥ ቤት ያላችሁ እነዚህን ቀኖች በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። የቤት ግብር (ፕሮፐርቲ ታክስ) ለሁለት ተከፍሎ የሚከፈልባቸው ናቸው። ብዙ ሰው "ዘንድሮ ደግሞ ምነው እንዲህ ጨመረ?" ብሎ የሚነሳውም ያኔ ነው። ውሳኔው ግን ካለቀ ወራት አልፎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ተከራይ ከሆናችሁም "እኔን አይመለከተኝም" ብላችሁ አትለፉት። አከራዩ የሚከፍለው ግብር ዞሮ ዞሮ ኪራዩ ውስጥ ይገባል።

▪️ ሌቪ ምንድን ነው?

የከተማው ምክር ቤት (ሲቲ ካውንስል) "ከእያንዳንዱ ቤት ይህን ያህል በመቶ እንውሰድ" ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚወስነው ከንብረት ግብር በጠቅላላ ስንት ዶላር እንደሚያስፈልገው ነው። ይህ ጠቅላላ ገንዘብ ሌቪ ይባላል። ከዚያ በከተማው ንብረቶች ላይ እንደየዋጋቸው ይከፋፈላል። ዕድር የድንኳን መግዣውን አስልቶ ለአባላት እንደሚያካፍለው አስቡት፤ እዚህ ግን ሁሉም እኩል አያዋጣም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ከተማ ውስጥ 600,000 ዶላር የሚያወጣ አንድ የቢሮ ሕንፃ እና እያንዳንዳቸው 100,000 የሚያወጡ 4 ቤቶች አሉ እንበል። ድምሩ 1,000,000 ነው። ሌቪው 10,000 ዶላር ከሆነ እያንዳንዱ ቤት 1,000 ይከፍላል። በዓመቱ የሕንፃው ዋጋ ወደ 400,000 ወረደ። ሌቪው አልተነካም፣ የቤቶቹም ዋጋ ያው ነው። ግን 10,000ው አሁን ለ800,000 ስለሚካፈል እያንዳንዱ ቤት 1,250 ይደርስበታል። ምንም ሳይለወጥ 250 ዶላር ጨመረ ማለት ነው!

(በሚኒሶታ ሕግ የንግድ ሕንፃ ከመኖሪያ ቤት ከፍ ባለ መጠን ይሰላል። ምሳሌውን ለማቅለል ትተነዋል።)

ሚኒያፖሊስ ላይ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከኮቪድ በኋላ ብዙ ሠራተኛ ከቤቱ መሥራት ሲጀምር የዳውንታውን ቢሮዎች ዋጋ ወረደ፤ ሸክሙም ወደ መኖሪያ ቤቶች ዞረ።

▪️ ውሳኔው በየትኛው ወር ነው?

👉 ኦገስት፦ ከንቲባው የቀጣዩን ዓመት በጀት እና የሚፈልገውን ሌቪ ያቀርባል።

👉 ሴፕቴምበር፦ ጣሪያው ይወሰናል። በሚኒያፖሊስ ይህን የሚወስነው ቦርድ ኦፍ ኢስቲሜት ኤንድ ታክሴሽን የሚባል አካል ነው። 6 አባላት አሉት፤ ሁለቱን በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ከዚህ በኋላ ሌቪው ሊቀንስ ይችላል፤ ሕግ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ግን ከጣሪያው አያልፍም።

👉 ኖቬምበር፦ ካውንቲው ለቀጣዩ ዓመት የታሰበባችሁን ግብር የሚያሳይ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል። ይሄ ቢል አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። የሕዝብ ስብሰባው መቼ እና የት እንደሆነ ተጽፎበታል።

👉 ዲሴምበር፦ ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት ሰምቶ የመጨረሻውን ድምፅ ይሰጣል።

▪️ ምክር ቤቱ በእርግጥ ይቀንሳል?

አዎ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ ለ2025 ሌቪው በ8.1 በመቶ እንዲያድግ ጠየቁ። ምክር ቤቱ ወደ 6.8 በመቶ አወረደው። ከንቲባው በጀቱን ውድቅ አደረጉት (ቪቶ)። 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት ደግሞ በ9 ለ4 ድምፅ ቪቶውን ሽሮ በጀቱን አጸደቀ። ቪቶ ለመሻር የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሆነ ከ9 አንድ ቢጎድል አይሳካም ነበር።

ልብ በሉ፦ ሌቪው 6.8 በመቶ አደገ ማለት የእናንተ ቢል 6.8 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም። የእናንተ ድርሻ የሚወሰነው የቤታችሁ ዋጋ ከሌሎቹ አንፃር በመውጣቱ ወይም በመውረዱ ነው። በዚያ ላይ ቢሉ ውስጥ የካውንቲ እና የትምህርት ቤት ግብርም አለ።

▪️ ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የቤቱ ግምት በዝቷል የምትሉ ከሆነ፦ የግምት ደብዳቤው በጸደይ ይመጣል። ይግባኝ ማለት የሚቻለው ያኔ ነው። የዘንድሮው ግምት የሚሠራው ለቀጣዩ ዓመት ግብር ስለሆነ ደብዳቤውን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት።

2. ሌቪው በዝቷል የምትሉ ከሆነ፦ ጣሪያው ሳይወሰን በፊት፣ ማለትም በኦገስት እና በሴፕቴምበር፣ ለቀጠናችሁ የምክር ቤት አባል ደውሉ ወይም ጻፉ። ዲሴምበር ላይ ስብሰባ ሄዶ መናገርም ይቻላል። ስለ በጀቱ ስታወሩ ግን ያው ገንዘብ ለእሳት አደጋ፣ ለፖሊስ እና ለመንገድ እንደሚውል አስታውሱ። "ይቀነስ" ስትሉ ከየቱ እንደሚቀነስ ብትናገሩ የበለጠ ትሰማላችሁ።

3. ከተከፈለ በኋላ፦ ገቢያችሁ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ሚኒሶታ ከከፈላችሁት የተወሰነውን ትመልሳለች። ቤት ያለው በኤም1ፒአር ፎርም ይጠይቃል፤ መደበኛው ቀነ ገደብ ኦገስት 15 ነው። ተከራይ ደግሞ ከ2024 የግብር ዓመት ጀምሮ ከስቴት ታክሱ ጋር አብሮ ይሞላል። ለዚህ አከራያችሁ እስከ ጃንዋሪ 31 የኪራይ ማረጋገጫ ወረቀት (ሲአርፒ) ሊሰጣችሁ ይገባል። ካልሰጣችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣ ዝም ብለው የሚያስቀምጡ እናት አባት ካሏችሁ፣ ኖቬምበር ላይ የመጣውን አብራችሁ ክፈቱት።