በረቂቅ መመሪያዎች ላይ የጽሑፍ አስተያየት አቀራረብ

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል የአስተዳደር ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ አድርገው ከሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ይደነግጋል። ተቋሙ የቀረበለትን ሐሳብ ሁሉ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም ግልጽ ያልሆነ አስተያየት ተገቢ ቢሆን እንኳ ረቂቁን ለማሻሻል አያገለግልም። ስለሆነም አስተያየት ሰጪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንዲሉ ይመከራል።

1. ድንጋጌውን መጥቀስ፦ አስተያየቱ የሚመለከተው አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ በቁጥር ይገለጻል።

2. ፍሬ ነገርንና አስተያየትን መለየት፦ በዓይን የታየ ወይም በሰነድ የሚረጋገጥ ጉዳይ እንደ ፍሬ ነገር ይቀርባል። የግል አቋም ግን «በእኔ አስተያየት» ወይም «ብዬ አምናለሁ» በሚል አገላለጽ ይለያል። «እንደሚታወቀው» እና «ሕዝቡ እንደሚለው» የሚሉት አነጋገሮች የሐሳቡን ባለቤት ስለሚሰውሩ ባይዘወተሩ ይመረጣል።

3. ምክንያትን ማስረዳት፦ ድንጋጌው በማን ላይ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ችግር እንደሚያስከትል ይብራራል።

4. አማራጭ ማቅረብ፦ ድንጋጌው እንዲሰረዝ ወይም እንዲሻሻል መፈለጉ ተለይቶ ይገለጻል፤ የሚቻል ከሆነም ምትክ የሚሆነው ቃል ይጻፋል።

ምሳሌ

ግልጽ ያልሆነ፦ «ይህ መመሪያ ሕዝቡን የሚያጉላላ ስለሆነ ይታሰብበት።»

ግልጽ የሆነ፦ «የረቂቁ አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 2 አመልካቹ በአካል እንዲቀርብ ያስገድዳል። እናቴ በሕመም ምክንያት ከቤት መውጣት አትችልም። በእኔ አስተያየት ድንጋጌው በእርሷ ሁኔታ የሚገኙ ሰዎችን ከአገልግሎቱ ውጪ ያደርጋል። ስለዚህ ‹በአካል› የሚለው ‹በአካል ወይም በሕጋዊ ወኪል አማካኝነት› ተብሎ እንዲሻሻል እጠይቃለሁ።»

በመጀመሪያው ጽሑፍ ቅሬታ መኖሩ ብቻ ይታወቃል። ሁለተኛው ግን የትኛው ቃል፣ ለምንና እንዴት መለወጥ እንዳለበት ያመለክታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ሐሳብን በነፃነት መግለጽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተረጋገጠ መብት በመሆኑ ረቂቁን አጥብቆ መቃወም ይቻላል። ነቀፌታው ግን በድንጋጌው ላይ እንጂ በሰዎች ማንነት ላይ ሊያነጣጥር አይገባም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ነው።

የሌሎች ሰዎችን ስም፣ ስልክ ቁጥርና የሕክምና ሰነድ ያለፈቃዳቸው ማያያዝ ተገቢ አይደለም። አስተያየቱ በማስታወቂያው ላይ በተመለከተው የጊዜ ገደብና አድራሻ መላክ ይኖርበታል፤ ቅጂውንም መያዝ ይጠቅማል።