እኩል የጤና አገልግሎት ሲባል ምን ማለት ነው? ከመካነ ሰላም እስከ አምባ መቅደላ

አምባ መቅደላ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እና የዓፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ ነው። እኔ ግን በዚያ ደጋ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ስሙ ሲጠራ የሚታየኝ ቃሬዛ ነው። ልጅ ሳለሁ ምጥ የጠናባት ጎረቤታችን በቃሬዛ ተጭና ወደ መኪና መንገድ ስትወርድ አይቻለሁ። የተሸከሟት የቅሬ አባላት ነበሩ። ቅሬ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሐዘኑንም ሸክሙንም በጋራ የሚወጣበት ማኅበር ነው። ሴትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ለመሆኑ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ይህንን ሸክም ምን ያህል ተጋርቶታል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በእኔ እምነት ይህ እኩልነት በሦስት ነገሮች ይለካል፤ በርቀት፣ በገንዘብና በአክብሮት።

ርቀት

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎችን መድቧል። ሴቶች እንዲሆኑ የተወሰነው ስለ እርግዝናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ከእናቶች ጋር በየቤታቸው በግልጽ መነጋገር ስላለባቸው ነው። ይሁን እንጂ ጤና ኬላ ቀዶ ሕክምና አይሰጥም። በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች ለተከበበ ደጋ ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ራሱ ትልቅ ፈተና ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተከናወነ ወሊድ በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አነስተኛ ጥናት ደግሞ 70 እና 40 በመቶ ሆኗል። ልዩነቱ ጠብቧል፤ አልተዘጋም። ለሩቅ ቀበሌ ነፍሰ ጡሮች መፍትሔ ከሆኑት አንዱ የመውለጃ ቀናቸው ሲቃረብ ጤና ጣቢያው አጠገብ የሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያ ነው።

ገንዘብ

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት በነፃ የሚሰጥ ነው። ለሌላው ሕክምና ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሯል፤ ከእነዚህ አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ችግሩ ያለው ምልመላው ላይ ነው። የድሃ ድሃ የሚባሉት የሚለዩት በቀበሌ ነውና ስብሰባ መውጣት የማትችል አረጋዊት፣ መሬት የሌለው ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው በቀላሉ ይረሳል።

አክብሮት

ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ወረፋ በሚሰለፉበት አካባቢ ሁሉንም በአንድ መንገድ ማስተናገድ እኩልነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወንድ ባለሙያ እንዳያዋልዳት የምትሻ እናት ሴት አዋላጅ ካላገኘች ቤቷ መውለድን ትመርጣለች። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ስለ ሰዓቱ መመካከር ይኖርበታል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ማዘጋጀትና ቡና ማፍላት መጀመሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናት እንግድነት እንዳይሰማት ያደርጋል።

ከሁሉም የሚረሱት አካል ጉዳተኞች ናቸው። መስማት የተሳናት ሴት በአማቷ አስተርጓሚነት ስትመረመር ምስጢሯ ምስጢር መሆኑ ይቀራል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ይሁንና ደረጃ ብቻ ያለው መግቢያ ዛሬም ብርቅ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ተምረናል። ሪፈር የሚባልበት ሆስፒታል ሲቆም ቀድሞ የሚጎዳው የሩቅ ወረዳው ሕመምተኛ ነው።

አንባቢያን በየሙያችሁ ወደ ወረዳ ስትወርዱ የጤና ጣቢያውን አልጋና ሕንፃ ቆጥራችሁ ብቻ አትመለሱ። ከሩቁ ቀበሌ የመጣች እናት ማታ የት ታድራለች? ያልከፈለው ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አለ? መስማት የተሳናት ሴት ለማን ትናገራለች? ብላችሁም ጠይቁ።