ባለ ሁለት ሽልንጉ ስፒትፋየር

በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ልጆች የኪስ ገንዘባቸውን ጨብጠው ዉልዎርዝ ወደሚባለው የርካሽ ዕቃ መደብር ሲገቡ አዲስ ነገር ጠበቃቸው። ስስ የፕላስቲክ ከረጢት፣ በውስጡ የታጨቁ ቁርጥራጮች፣ ከአናቱ ላይ የታጠፈ ወረቀት፣ በወረቀቱም ላይ የአገሩ ሰው ሁሉ ከሩቅ በቅርጹ የሚለየው ተዋጊ አውሮፕላን ተሥሎበታል። ዋጋው ሁለት ሽልንግ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በዚያች አገር ስኳር ከራሽን የወጣው በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ ነው።

ያ ትንሽ ስፒትፋየር በብዙ ነገሩ የተሳሳተ ነበር። ቢሆንም አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ በጀርባው ተሸክሞ ተነሳ።

የሠራው ኩባንያ ኤርፊክስ ይባላል። በ1939 ያቋቋመው ኒኮላስ ኮቭ የሚባል ከሃንጋሪ ተሰዶ የመጣ አይሁዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ሰውዬው ስለ አውሮፕላን ግድም አልነበረው። የመጀመሪያ ሥራው በአየር የሚነፉ የጎማ መጫወቻዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ወደ ብረት ሻጋታ የሚገፋ ማሽን አስገባና የፀጉር ማበጠሪያ ማምረት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በብሪታንያ ከማበጠሪያ አምራቾች ሁሉ ቀዳሚው ሆነ። የዚህ ማሽን ጠባይ ለታሪካችን ቁልፍ ነው። ሻጋታውን መቅረጽ እጅግ ውድ ነው፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ግን ከውስጡ የሚወጣው እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የሻጋታ ባለቤት ብዙ ሺህ ሰው የሚገዛውን ነገር ሲፈልግ ይኖራል።

ያን ነገር ያመጣለት ትራክተር ነው። በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር ኩባንያ ሻጮቹ ለገበሬ የሚያሳዩት ትንሽ ፕላስቲክ ትራክተር እንዲሠራለት ኤርፊክስን አዘዘ። ቁርጥራጮቹን እየገጣጠሙ ማስረከብ ግን የሠራተኛ ጉልበት በላ፤ ከተገጣጠመ በኋላም በቀላሉ ይሰበር ነበር። መላው ተገኘ፦ ሳይገጣጠም ይሸጥ። ከንግድ ብልሃቶች ሁሉ እንደዚህ ያለ አይን አውጣ ብልሃት ማግኘት ይከብዳል፤ ልጁ የፋብሪካውን የመጨረሻ ሥራ ይሠራለታል፣ ለመሥራቱም ራሱ ይከፍላል፣ ከፍሎም ይደሰታል። በ1952 የፍራንሲስ ድሬክ መርከብ የነበረችው ጎልደን ሃይንድ ተከተለች። ዉልዎርዝ በሁለት ሽልንግ ለመሸጥ ስለፈለገ የካርቶን ሳጥኑ ቀርቶ ከረጢት ተተካ። በማግስቱ ዓመት ተራው የስፒትፋየር ሆነ።

ሞዴል አውሮፕላን ራሱ ግን የኤርፊክስ ፈጠራ አይደለም። ፍሮግ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት “ፔንግዊን” ብሎ የሰየማቸውን የፕላስቲክ አውሮፕላኖች በ1936 ለገበያ አውጥቶ ነበር። ስሙን ያገኙት ፔንግዊን ክንፍ ኖሯት ስለማትበር ነው፤ የድርጅቱ ሌሎች ሞዴሎች በእርግጥ ይበሩ ነበርና። የተሠሩበት ሴሉሎስ አሲቴት ግን ዘመን ሲቆይ ይጣመማል፤ ዛሬ በአሰባሳቢዎች እጅ ያሉት ብዙዎቹ ክንፋቸው ቆልምሟል። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ሞዴል መጫወቻነቱ ቀርቶ መሣሪያ ሆነ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአገሩ ተማሪዎች 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖች ቀርጸው እንዲያስረክቡት ጠየቀ። መጠናቸው ከእውነተኛው 72 እጅ ያነሰ፣ ቀለማቸውም ጥቁር ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አሥር ሜትር ርቀት ላይ የተያዘ ሞዴል 720 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ያህል ሆኖ ይታያል። መርከበኛው የወዳጅንና የጠላትን ጥላ መለየት የተማረው ከነዚህ ነው። ይኸው 1፡72 መጠን እስከ ዛሬ የሞዴል ሠሪዎች ዋና መለኪያ ሆኖ ዘልቋል።

ወደ ከረጢቱ እንመለስ። የሞዴል ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የ1953ቱ ስፒትፋየር የተቀዳው ከእውነተኛው አውሮፕላን ሳይሆን አውሮራ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሞዴል ነው። ከጎኑ የተጻፈው “ቢቲ-ኬ” የሚለው መለያ ፊደል ሳይቀር አብሮ ተገልብጧል። የቅጂ ቅጂ የራሱን ስህተት ጨምሮ መምጣቱ አይቀርም፤ በተለይ እንደ ስፒትፋየር ያለ ሁሉ ነገሩ በክንፉ ኩርባ ላይ የተንጠለጠለ አውሮፕላን ሲሆን።

ያ ሞላላ ክንፍ ለውበት ተብሎ የተሠራ አይደለም። የሱፐርማሪን ኩባንያው መሐንዲስ አር. ጄ. ሚቸል አየሩን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ቀጭን ክንፍ ይፈልግ ነበር፤ በዚያ ቀጭን ክንፍ ውስጥ ግን ስምንት መትረየሶችና ታጥፈው የሚገቡ ጎማዎች መግባት ነበረባቸው። ሞላላው ቅርጽ ከሥሩ ሰፊ ሆኖ ወደ ጫፉ በዝግታ ስለሚጠብ ሁለቱንም አስታረቀ። የመጀመሪያው ስፒትፋየር በማርች 5፣ 1936 ከሳውዝሃምፕተን አጠገብ ካለው የኢስትሊ ሜዳ ተነሣ፤ አብራሪው መት ሰመርስ ነበር። ሚቸል ካንሰር ታሞ በማግስቱ ዓመት ጁን ላይ በ42 ዓመቱ ሞተ፤ ከ20,000 በላይ የተሠራው አውሮፕላኑ ወደ ውጊያ ሲገባ አላየም። በ1940ው የብሪታንያ የአየር ውጊያ በቁጥር የሚበልጠው፣ ከጠላትም ብዙውን የጣለው ሃሪኬን የተባለው ሌላው ተዋጊ ነበር። ዝናውን የወሰደው ግን ስፒትፋየር ነው፤ ለዚህም ባለ ሁለት ሽልንጉ ከረጢት የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ኤርፊክስ ስህተቱን ለማረም ሰባት ዓመት ፈጀበት። በ1960 የወጣው አዲሱ ስፒትፋየር ማርክ 9 (“ማርክ” የአውሮፕላኑ ዓይነት ተራ ቁጥር ነው) ከጎኑ “ጄኢ-ጄ” የሚል ፊደል ነበረው። ይህ እንደ ቢቲ-ኬ ከሌላ ሳጥን የተቀዳ አይደለም፤ ጄምስ ኤድጋር ጆንሰን የተባለው ዝነኛ አብራሪ ማዕረጉ የፈቀደለትን ይዞ የስሙን መነሻ ፊደላት በራሱ አውሮፕላን ላይ ያስጻፈው ነው። ገዢው ልጅ አሁን የአንድን ሰው አውሮፕላን፣ አንድ የተወሰነ አውሮፕላን ይሠራል። ሞዴል መሥራት ወደ ታሪክ ምርመራ የተጠጋው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአብራሪው ክፍል ነው። ቁርጥራጮቹ ከፍሬማቸው ጋር ተያይዘው ስለሚመጡ በትንሽ መቁረጫ ፒንሳ ይለቀማሉ፤ የቀረው ጉጥ በስለት ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። መቀመጫው፣ መሪው፣ የሰዓቶቹ ሰሌዳ አስቀድመው መቀባት አለባቸው፤ የአውሮፕላኑ ሁለት ጎኖች ከተጋጠሙ በኋላ ብሩሽ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ማጣበቂያው የእንጨት ሙጫ ዓይነት አይደለም። ፖሊስቲሪን የተባለውን የሞዴሉን ፕላስቲክ ራሱን አሟሙቶ ሁለቱን ገጽ ያዋሕዳል፤ በስህተት በተነካው ቦታ የጣት አሻራ ታትሞ ይቀራል። ጎንና ጎን በጀርባው ላይ ሲገናኙ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ የሌለ መስመር ይወጣል፤ ያ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይፋቃል። ክንፎቹ ከሥራቸው ወደ ላይ ስድስት ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ካለ ከፊት ሆኖ የሚያይ ሰው ወዲያው ያውቃል። በ1፡72 መጠን የእውነተኛው አውሮፕላን 11 ሜትር ከ23 ሳንቲ የክንፍ ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ክፍተት እንኳ በእውነተኛው ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ የሱፐርማሪን ሠራተኛ እንዲህ አድርጎ ገጥሞ ቢሆን ኖሮ ከሥራው ይባረር ነበር።

ቀለሙ ሲመጣ ነገሩ ይከርራል።

በ1940 የነበረ ስፒትፋየር ከላይ አፈር መሰል ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ንድፉ ሁለት ዓይነት ሲሆን አንዱ የሌላው የመስታወት ግልባጭ ነበር፤ ከፋብሪካ የሚወጡት በፈረቃ ነበር የሚቀቡት። ከታች በኩል እስከ ጁን 1940 ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ነበር፤ ምድር ላይ ያለው መድፈኛ የራሱን ወገን እንዳይመታ። ከዚያ በኋላ “ስካይ” የተባለ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ታዘዘ። ችግሩ ቀለሙ በበቂ አለመኖሩ ነው፤ አንዳንዱ የጦር ሰፈር ያገኘውን ሰማያዊና ቢጫ በግምት እየቀላቀለ ቀባ። በዘመኑ የተነሡት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አንዳንዱ የፊልም ዓይነት ደግሞ ቢጫና ቀይን ከልክ በላይ አጥቁሮ ያሳያል። ስለዚህ የአንድ ቡድን አውሮፕላን በዚያ በጋ ከሆዱ በኩል ምን ዓይነት አረንጓዴ ነበር የሚለው ጥያቄ ሞዴል ሠሪዎችን እስከ ዛሬ ያነታርካል። ለውጭ ሰው የሥራ ፈት ክርክር ይመስላል። ሆኖም ከወደቁ አውሮፕላኖች ስብርባሪ ላይ የቀለም ቅርፊት እየተገለጠ የተመረመረው፣ የአየር ሚኒስቴር ትእዛዞች ከማኅደር እየወጡ የተነበቡት በአመዛኙ እነዚህ ሰዎች ስለጠየቁ ነው።

ምልክቶቹና ፊደሎቹ በስስ ወረቀት ላይ ታትመው ይመጣሉ። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ተነክረው ከወረቀቱ ሲላቀቁ በቦታቸው ላይ ይንሸራተታሉ። ገጹ ሻካራ ከሆነ ከሥራቸው አየር ይታፈንና ብርማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የማያብረቀርቅ።

ልጆቹን ወደ መደርደሪያው የሚጎትተው ግን የሳጥኑ ሥዕል ነበር። ከ1964 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የኤርፊክስን ሳጥኖች የሣለው ሮይ ክሮስ ነው። በጦርነቱ ዘመን በፌይሪ የአውሮፕላን ፋብሪካ የቴክኒክ ሥዕል ሠራተኛ ስለነበር የሚሥለውን ያውቀዋል፤ እሳት እየተፋ የሚወርድ ቦምብ ጣይ፣ ከደመና ሥር ብቅ ያለ ተዋጊ፣ የሚፈነዳ ጥይት። ኋላ ጊዜው ሲለወጥ ኩባንያው ከአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ፍንዳታውንና ጭሱን አስጠፋ። ውጤቱ አስቂኝ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ያለ ምክንያት በቁጣ የሚዞሩ ይመስላሉ።

የኩባንያው ዕጣ ከዚያ በኋላ አላማረም። በ1981 ከሰረ፣ ለአሜሪካው ጄኔራል ሚልስ ተሸጠ፣ በ1986 ቀለም ሠሪው ሃምብሮል ገዛው፣ በ2006 ሃምብሮልም ወደቀና ባቡር ሞዴል በመሥራት የታወቀው ሆርንቢ ወሰደው። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ሻጋታዎቹ አብረው ተጓዙ።

የእኛ አካባቢ ሰማይም በእነዚህ ሳጥኖች ውስጥ አለ። በ1940 እና በ1941 በኤርትራና በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የተፋለሙት ድርብ ክንፍ ያላቸው የመጨረሻዎቹ ተዋጊዎች ነበሩ፤ በጣሊያን በኩል ፊያት ሲአር 42፣ በእንግሊዝና በደቡብ አፍሪካ በኩል ግላዲየተር፣ ኋላም ነጠላ ክንፍ ያለው ሃሪኬን መጣ። በ412ኛው የጣሊያን ቡድን ይበር የነበረውና በዚህ ግንባር ከሁሉ ብዙ አውሮፕላን የጣለው ማሪዮ ቪዚንቲኒ በፌብሩዋሪ 11፣ 1941 የሞተው በጠላት ጥይት አይደለም፤ በመጥፎ አየር የጠፉ ጓደኞቹን ሲፈልግ በነፋሲት አቅራቢያ ከተራራ ጋር ተጋጨ። የሲአር 42ም የግላዲየተርም ሞዴል ይሸጣል፤ ግላዲየተርን የሚሠራ ሰው በላይኛውና በታችኛው ክንፍ መካከል ሽቦዎቹን መዘርጋት አለበት። ለዚህም የፍሬሙን ቁራጭ ሻማ ላይ አሙቆ በሁለት እጁ ይስበዋል፤ ፕላስቲኩ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ድረስ።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ራሱ የያዘውን የጦርነት ዘመን ተዋጊ መሥራት ለሚፈልግ ግን ሥራው ይከብዳል። ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ ከካናዳ የገዛችው ፌይሪ ፋየርፍላይ ሮይ ክሮስ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ምርት ነው፤ ከመርከብ ላይ የሚነሣ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ተዋጊ። ከነዚህ ሁለቱ አሥመራ ተጥለው ቆይተው በ1993 ወደ ካናዳ ተመለሱ፤ አንዱ ኦታዋ ባለው የአቪዬሽን ሙዚየም፣ ሌላው ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ በሺርዋተር ይገኛል። ሁለቱም ማርክ 1 ናቸው። ኤርፊክስ በ1960ዎቹ ያወጣው ሞዴል ግን ማርክ 5 ነው። ሞዴል ሠሪው በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ የተቀረጹትን የማቀዝቀዣ አፎች በስቱኮ ደፍኖ፣ ከሞተሩ አገጭ ሥር አዲስ ማቀዝቀዣ ከትርፍ ፕላስቲክ መቅረጽ፣ የተቆረጡትን የክንፍ ጫፎች ቀጥሎ ማሞላለል፣ ከአራቱ የፕሮፔለር ቅጠሎችም አንዱን አስወግዶ ሦስቱን እኩል አራርቆ መትከል ይጠበቅበታል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ክብ ምልክትም ከሳጥኑ ውስጥ አያገኘውም፤ በእጁ መሣል አለበት።