ሽፍታውና ደራሲው

በአማርኛ ልብ ወለድና ተውኔት ውስጥ ከአንባቢ ልብ የማይወጡት ሰዎች አብዛኞቹ እጃቸው ንጹሕ አይደለም። ገድለዋል፣ ዘርፈዋል፣ የሚወዳቸውን ሰው አስለቅሰዋል። ሆኖም አንባቢው ሊረግማቸው ሲነሣ አንድ ነገር ይይዘዋል፤ በደላቸውን ያውቃል፣ ክብራቸውንም መካድ አይሆንለትም። እንዲህ ያለውን ሰው ደራሲዎቻችን ከባሕር ማዶ ልብ ወለድና ከሼክስፒር ተውኔት ተምረው ያመጡት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። እኔ ግን ምንጩ እዚሁ ነው እላለሁ። ዘመናዊው ደራሲ ብዕር ከማንሣቱ አስቀድሞ የሰሜኑ ሕዝብ ከሽፍትነት ልማድ ጋር አብሮ እየኖረ ጨካኝም ቸርም፣ በዳይም ተበዳይም የሆነውን ሰው መመዘን ለምዶ ነበር። ደራሲዎቹ የወረሱት ይህንኑ ሚዛን ነው። ይህም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ከዱር ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥት በሆነው በቋራው ካሳ ኃይሉ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ላይ ነው።

ሽፍትነት በጎንደር፣ በሰሜን፣ በጎጃምና በትግራይ ተራ ሌብነት አልነበረም። ሌባ ማንነቱን ይደብቃል፤ ሽፍታ ግን ስሙን ያስጠራል፣ በማን ላይ እንደ ሸፈተና ለምን እንደ ሸፈተም አገር እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ርስቱን የተነጠቀ፣ ደም ያለበት ወይም ደም የሚፈልግ፣ በአደባባይ የተዋረደ፣ ዳኛ ያደላበት፣ የአባቱ ሹመት ለሌላ የተሰጠበት ሰው ዱር ይገባል። ቆላው ለዚህ ይመቻል፤ የደጋው ሠራዊት ንዳድ ባለበት በረሃ ብዙ መሰንበት አይችልምና። ዘመድ ስንቅ ያቀብላል፣ የመንደሩ ሰው ከፊሉ በፍቅር ከፊሉ በፍርሃት ዐይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌና ካህን መካከል ይገባሉ፤ ሽፍታው ድንጋይ ተሸክሞ ከገዥው እግር ይወድቃል፤ ገዥውም እንደ ሰውየው ጉልበትና እንደ ራሱ አቅም ወይ ያስረዋል ወይ ይሾመዋል። ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስም ካሳ ምርጫ በተባሉበት ዘመን ሸፍተው ነበር። ዛሬ ከብቱን የነዳበት ሰው ነገ ዳኛው ሊሆን በሚችልበት አገር ገበሬው ሽፍታን በአንድ ቃል ፈርዶ መዝጋት አይችልም። የሰውየውን ቂም ምክንያት መጠየቅ፣ የወሰደውንና የሰጠውን ማስላት፣ ከተሾመ በኋላ ምን እንደሚሆን መገመት ግድ ይሆንበታል። የአንድ ገጸ ባሕርይ ሙሉ ታሪክ የሚሠራውም ከነዚሁ ጥያቄዎች ነው።

ካሳ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ንጉሥ ለስሙ በጎንደር ተቀምጦ አገሩን የሚገዙት ራሶችና ደጃዝማቾች ነበሩ። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ደብተራ ዘነብ ስለ ሽፍትነቱ ዘመን ከሚነግረን ሁሉ የሚደንቀው፣ ካሳ በእጁ የገባውን ገንዘብ ለቋራ ባላገር አከፋፍሎ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዙበት ማድረጉ ነው። ያ ገንዘብ ግን ከየትም የመጣ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው በጦር የተነጠቀ ነው። ዘነብ ይህን ሲጽፍ ልግስናውንና ዝርፊያውን አይለያያቸውም፤ የአንድ ሰው ሥራዎች አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የኮሶው ታሪክም እንዲሁ ነው። ጠላቶቹ ካሳን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር፤ እናቱ በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጣለች እየተባለ ይወራ ነበርና። ከራስ ዓሊ እናት ከእቴጌ መነን ወገን የነበረው ደጃዝማች ወንድይራድ በዚሁ ስድብ ፎክሮ ሊይዘው ቢዘምትም ራሱ ተማረከ። ካሳ አልገደለውም፤ ኮሶ አስጠጣው እንጂ። በዚህ ውስጥ የልጅነት ውርደት አለ፣ የእናት ፍቅር አለ፣ ቅጣትን ከጥፋቱ ጋር የሚያስተካክል ብልህ አእምሮ አለ፤ ደግሞም በተሸነፈ ሰው መዋረድ የሚደሰት ጭካኔ አለ። ከነዚህ አንዱን ያወጣ ጸሐፊ ታሪኩን ያጣዋል።

በጎንደር ሥልጣኑን የያዙት የየጁ መሳፍንት ይህን ሰው ለመግራት የሞከሩት በልማዱ መሠረት ነበር። የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት። ጋብቻው የፖለቲካ ገመድ ነበር፤ ነገር ግን ባልና ሚስቱ ተዋደዱ። ካሳ ዳግም ሸፈተ፤ በ1839 ዓ.ም. ጦር መርተው የዘመቱትን እቴጌ መነንን አቁስሎ ማረካቸው፤ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ አይሻል ላይ አማቱን ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ ደጃዝማች ውቤንም አሸንፎ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሠ። ተዋበች በአባቷና በአያቷ ላይ ከተነሣው ባሏ ጋር ጸናች። ስለ እርሷ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታማኝነቷ ብቻ መሆኑ ይቆጨኛል። ታማኝነቷ የተከፈለበት ዋጋ የገዛ ቤቷ መፍረስ ነበር፤ እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከንጉሡ ያልተናነሰ ከባድ ምርጫ የመረጠችው እርሷ ናት። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ቴዎድሮስን የሚያለዝብ ሰው ጠፋ የሚለው ትረካ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ደራሲ መንገድ ከፍቷል። እኔ ግን በጥንቃቄ እቀበለዋለሁ፤ የንጉሡን ግፍ በሐዘን ብቻ ማስረዳት ለገደላቸው ሰዎች አይበቃምና።

ለዚህ ጥንቃቄ ድጋፍ የሚሆነው የዜና መዋዕሎቹ መለያየት ነው። የዘነብ ትረካ ንጉሡ ገና በብርታቱ ሳለ ይቆማል፤ አድናቆቱም ሙሉ ነው። ሌላው ዜና መዋዕል ጸሐፊ አለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ ፍጻሜው ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግፍ ሳይሸሽግ ይተርካል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፉ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ እስላምጌ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ከአራት ቀን በኋላ ሚያዝያ 6 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ንጉሡ እጁን ላለመስጠት ራሱን ገደለ። እስላምጌና መቅደላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ናቸው። ሁለተኛውን እያሰበ የመጀመሪያውን የሚረሳ ሰው ስለ ጀግንነት እየተናገረ ይመስለዋል፤ እየተናገረ ያለው ግን ስለ ግማሽ ሰው ነው። እንግዲህ እነዚህ በአማርኛ የተጻፉ ሁለት ዜና መዋዕሎች ቴዎድሮስን በሁለት ዐይን አይተው ለቀጣዩ ትውልድ አስተላልፈዋል፤ ያኔ ደግሞ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና አልተወለደም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ደራሲዎቹ ወደዚህ ሰው ተመለሱ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ እርሱ ታሪካዊ ተውኔት ጻፈ። ብርሃኑ ዘርይሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለእናቱ»ን አወጡ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቴዎድሮስን ወደ መድረክ አመጣ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አደረገው። ጊዜው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ በዙፋን ላይ ስላለ ሰው በግልጽ መጻፍ አደገኛ ነበር፤ የአቤ «አልወለድም» ታግዶ ነበር። ከዘር ሐረግ ይልቅ በክንዱ የነገሠውን ሰው መተረክ ግን ይቻል ነበር፤ ያ ትረካም ሥልጣን ለማን ይገባል የሚለውን ጥያቄ ሳይጠራው ያነሣዋል። እዚህ ላይ ጸጋዬ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው አይደለም ወይ፣ ቴዎድሮስ በመድረክ ላይ ከራሱ ጋር ሲሟገት የምንሰማው የሼክስፒርን ድምፅ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገጸ ባሕርዩ ብቻውን ቆሞ ልቡን የሚናገርበት ስልት፣ የትዕይንቱ አከፋፈል፣ ውድቀቱ ከራሱ ጠባይ እንዲመነጭ አድርጎ ማቀናበሩ ከዚያ የተገኘ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስልት ባዶውን አይቆምም። ሼክስፒርን ያነበበ ደራሲ ስለ ሌላ ንጉሥ መጻፍ ይችል ነበር። ዘመኑ ደጋግሞ ወደ ቋራው ሰው የሄደው አድማጩ ገና ከመድረኩ በፊት በቀረርቶና በፉከራ፣ በአዝማሪ ግጥምና በሽማግሌ ወግ ይህን ሰው እያደነቀና እያዘነበት አድጎ ስለነበረ ነው።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ከታሪክ ምሁራን ይመጣል። ኤሪክ ሆብስባውም በድሃው ወገን የሚቆመውን ሽፍታ ዓለም አቀፍ ምሳሌ አድርጎ አሳይቶ ነበር፤ ዶናልድ ክረሚ ግን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ መርምሮ ሽፍትነት እዚህ በአብዛኛው የመኳንንት የሥልጣን መሰላል እንጂ የገበሬ ተቃውሞ እንዳልነበር ተከራከረ። ማስረጃው ጠንካራ ነው። ካሳም ቢሆን የቋራ ገዥዎች ወገን እንጂ የጭሰኛ ልጅ አልነበረም። ይህን መቀበል ክርክሬን የሚያፈርሰው አይመስለኝም፤ ይልቁንም ያጠናክረዋል። ሽፍታው የድሃ ጠበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የቅዱሳን ገድል ይሆን ነበር። በደሉን ለማስቆም የተነሣው ሰው በዳዩ የተቀመጠበትን ወንበር ራሱ መፈለጉ፣ የሕዝብን ቁጣና የራሱን ምኞት መለየት አለመቻሉ ነው ገጸ ባሕርይ የሚያደርገው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በደንብ ያወቀ ይመስለኛል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዘራፊው መኳንንት ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ከልማድ በላይ ያስጨንቃል፣ በአበጀ በለው መሪነት ያመፁት ገበሬዎችም ይማርኩታል። ደራሲው መሸሻን ጭራቅ አላደረገውም፤ ያለፈ ዝናውን እየተረከ የሚኖር፣ ኩራቱ ልጁን እስከ መጉዳት የሚያደርሰው ሽማግሌ አድርጎ ሣለው። የሐዲስ ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ ከአሮጌው ልማድ የሽፍታውን ክብር ለገበሬው አወረሰ፣ ለመኳንንቱ ደግሞ አንባቢ ሊያዝንለት የሚችል ሰብእና ተወለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቅሬታ ይቀራል፤ ሽፍታን እንዲህ ማክበር ደም ማቆንጀት አይሆንም ወይ የሚል። ሲሆን አይተናል። አንድ መንግሥት ወይም አንድ ወገን ለራሱ ዓላማ የፈለገውን ጀግና ሲያቆም መጀመሪያ የሚያደርገው እስላምጌን ከታሪኩ ማውጣት ነው፤ ተቃራኒውም ወገን እስላምጌን ብቻ አስቀርቶ ቀሪውን ይጥላል። የደጃዝማች በላይ ዘለቀም ታሪክ ለዚህ ፈተና ነው። አባቱ በመንግሥት ወታደሮች ተገደለበት፤ ከጣልያን መምጣት በፊት ሸፈተ፤ በወረራው ዘመን ጎጃም ውስጥ ስሙ የሚያስፈራ አርበኛ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላ ተሾመ፤ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በላይን በአንድ ሕይወት ውስጥ ሽፍታ፣ አርበኛ፣ ሹምና ወንጀለኛ ያሰኘው የራሱ መለዋወጥ ብቻ አልነበረም፤ ስም የሚሰጠው ሥልጣንም ከላዩ ላይ እየተለዋወጠ ነበር። ይህን ታሪክ በታማኝነት የሚጽፍ ደራሲ ደም ሊያቆነጅ አይችልም፤ ሟቹንም ገዳዩንም በስማቸው መጥራት አለበትና። እስካሁን የጎደለን ይኸው ነው። ከላይ በጠቀስኳቸው የቴዎድሮስ ተውኔቶችና ልብ ወለዶች መካከል የተቀመጠው ንጉሡ ነው፤ እስላምጌ ላይ የተሰለፈው እስረኛ፣ ከብቱ የተነዳበት የደንቢያ ገበሬ፣ ሠራዊት ያደረበት ቤት እመቤት በዳር ያልፋሉ። የሽፍታውን ልብ በዚህ ጥልቀት የመረመረው ሥነ ጽሑፍ፣ የተዘረፈውንም ሰው እንደ እርሱ ብርቱና ውስብስብ አድርጎ የመጻፍ ዕዳ አለበት።