ጠረጴዛ ላይ የተረፈች ከተማ

ትልልቅ ሰዎች በትንንሽ ባቡር ሲጫወቱ ስናይ ሳቅ ይቀናናል። «ልጅነት አልወጣለትም» እንላለን። የእንግሊዝን የትራም ታሪክ ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ግን ሳቃችን ቀዝቅዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1952 ምሽት የለንደን ሰው ትራሙን ለመሰናበት መንገድ ላይ ወጣ። አንዳንዱ ሀዲዱ ላይ ሳንቲም እያስቀመጠ በጎማው ሳይሆን በብረት እግሩ ያስደፈጥጥ ነበር፤ ለመታሰቢያ። ቦታውን አውቶቡስ ወሰደ። ከእነዚያ ባለ ሁለት ፎቅ ትራሞች ብዙዎቹ ቻርልተን በሚባል ሰፈር ተቃጠሉ፤ ብረታቸውም ለቁርጥራጭ ሆነ።

ታዲያ ማን አስታወሳቸው? ከመንግሥት በፊት ያስታወሱት በትርፍ ጊዜያቸው ትራም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የትራም ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ተመሥርቶ ነበር። በ1948 ደግሞ ሳውዝሀምፕተንን ሊጎበኙ የሄዱ ወዳጆች ሊጣል የነበረ አንድ ትራም በ10 ፓውንድ ገዙ። ዛሬ ክራይች የሚገኘው የትራም ሙዚየም ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያች ግዢ ነው።

10 ፓውንድ ያልነበረውና ግቢው የማይበቃውስ? እሱ ሳሎኑ ውስጥ ሠራ። በእንግሊዝ በተለመደው 1 ለ76 ልኬት 10 ሜትር የነበረ ትራም 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ትራም ድሮም የመንገድ ጥግ ላይ እንዲታጠፍ የተሠራ ስለሆነ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ተራው የሞዴል ባቡር ኤሌክትሪኩን ከሁለቱ ሀዲዶች ያገኛል፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይመለሳል። እውነተኛ መምሰል የሚፈልግ የትራም ሠሪ ግን ቀጭን ሽቦ ከላይ ይዘረጋል፤ ኃይሉ ከሽቦው ወርዶ በሀዲዱ ይመለሳል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም መርሁ ይኸው ነው። ልዩነቱ የኛው 750 ቮልት ሲሆን የሳሎኑ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት መሆኑ ነው።

እኛን የገረመን ግን ሽቦው አይደለም። ሞዴል ለመሥራት ማወቅ ግድ ይላል። መስኮቱ ስንት ነበር? ቀለሙ የትኛው ቀይ ነው? ደረጃው በየት በኩል ነበር? ሠሪው ፎቶግራፍ ያሰባስባል፣ አሮጌ ንድፍ ይፈልጋል፣ ሽማግሌ ነጂ ይጠይቃል። ሳያስበው የከተማ መዝገብ ያዥ ይሆናል።

ለንደን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2000 በክሮይደን በኩል ትራም መልሳ አስገባች፤ ካቃጠለችው ከ48 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጠረጴዛ ላይ ግን ያ ትራም አንድም ቀን አልቆመም። እንግዲህ ከተማ ስታፈርስ የሚለካ ሰው ቢኖራት ጥሩ ነው። ሲለካ ብናየው፣ ቢያንስ እኛ አንስቅበትም።