በቢስክሌት ላይ የተተከለው ሞተር፤ የዕድሜውና የጥገናው ታሪክ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1895 በሰሜን አሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የካንተን ከተማ ነዋሪ ለነበረው ለታናሹ ኦግደን ቦልተን ቁጥሩ 552,271 የሆነ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። ፈጠራው በተራ ቢስክሌት የኋላ ጎማ መካከል፣ ሞዞው በሚገኝበት ቦታ፣ ስድስት ዋልታ ያለው የቀጥታ ጅረት ሞተር የሚተክል ነበር። ማርሽ የለውም፤ ካቴናም አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይዞ ይዞራል። ከ10 ቮልት ባትሪ እስከ 100 አምፔር ሊስብ የሚችል ሲሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 1,000 ዋት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ቢስክሌት የፈቀደው 250 ዋት፣ በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከ750 ዋት በታች መሆኑን ለሚያስታውስ ባለሙያ፣ የቦልተን ሐሳብ ምን ያህል ድፍረት እንደነበረበት ግልጽ ነው።

ቦልተን ብቻውን አልነበረም። በ1897 የቦስተኑ ሆሲያ ሊቢ ሞተሩን በፔዳሉ ዘንግ ላይ አስቀመጠው። በ1899 ጆን ሽኔፕፍ የኋላውን ጎማ በሚጫን ድቡልቡል ተሽከርካሪ አማካይነት የሚነዳ ሌላ ንድፍ አቀረበ። ስለዚህ ዛሬ ቢስክሌትን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚሸጡት ዕቃዎች የሚከተሏቸው ሦስት መንገዶች፣ ማለትም በሞዞ፣ በፔዳል ዘንግና በጎማ ላይ በሚጫን ተሽከርካሪ፣ ከ19ኛው ምእተ ዓመት ሳይወጡ ተነድፈው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤንዚን መስኩን ያዘ። ጎማን በመጫን የሚነዳው ሐሳብ እንኳ በሰፊው የታወቀው ከ1946 እስከ 1988 በፈረንሳይ በተመረተው ቬሎሶሌክስ በተባለው ባለ ቤንዚን ቢስክሌት ነው። የኤሌክትሪኩ ሐሳብ የባትሪን መሻሻል ሲጠብቅ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። የቀዳሚነቱ ጉዳይ በታሪክ መጻሕፍት በየጊዜው ይነሣል፤ እምብዛም የማይነሣው ግን ሞተሩ ከተተከለ በኋላ ስንት ዘመን ይሠራል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው።

የቦልተን ሞተርና ከእርሱ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተሠሩት አቻዎቹ ጅረቱን ወደ ጥቅሉ የሚያደርሱት በካርቦንና በኮሙቴተር ነበር። ካርቦን እየተፋተገ ያልቃል፤ ብናኙ በሞተሩ ውስጥ ይከማቻል፤ ጅረት አስተላላፊ በመሆኑም አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ መገናኛ ይፈጥራል። ይህ ድክመት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ድክመቱ የሚታይና የሚሰማ ነበር፤ ካርቦኑ ሲያጥር ብልጭታው ይበዛል፣ ድምፁ ይለወጣል። በማናቸውም ጋራዥ ያለ ሠራተኛ ክዳኑን ፈትቶ ያለቀውን ካርቦን ሊተካ፣ ኮሙቴተሩንም በብርጭቆ ወረቀት ሊያጸዳ ይችላል።

ሁኔታው የተለወጠው በሁለት ግኝቶች ነው። በ1962 ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ መሐንዲሶች የኮሙቴተርን ሥራ በኤሌክትሮኒክስ የሚተካ የቀጥታ ጅረት ሞተር አስተዋወቁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጃፓን በሱሚቶሞ፣ በአሜሪካ በጄኔራል ሞተርስ፣ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተዋሐደ እጅግ ኃይለኛ ማግኔት በየፊናቸው ተገኘ። ሁለቱ ሲገናኙ በጎማ ውስጥ ሊገባ የሚችል፣ ካርቦን የሌለው፣ ከመጠኑ በላይ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ለገበያ በቃ። ነጋዴዎችም «ጥገና አያስፈልገውም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉበት። አባባሉ ከፊል እውነት ነበረው፤ በውስጡ የሚፋተግ ነገር ከኩሽኔታው በቀር የለም። ሆኖም የሚያልቀው ነገር አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። አዲሱ ቦታ ከዓይን የተሰወረ ሲሆን፣ አንዱ ሙቀት፣ ሁለተኛው የዘንጉ አተካከል፣ ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክሱ ነው።

ሙቀቱ ከሁሉ የከፋው ስለሆነ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ማርሽ የሌለው የሞዞ ሞተር ከጎማው ጋር እኩል ይዞራል፤ ይህም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ነው። ለኤሌክትሪክ ሞተር ይህ እጅግ ዝግተኛ ነው። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ሲወርድ ግን የሚፈለገው የማዞር ጉልበት ይጨምራል። ጉልበቱ እጥፍ እንዲሆን ጅረቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ በመዳቡ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ መዳብ ሲሞቅ ለጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በ39 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሙቀት ሌላ ሙቀት ይወልዳል። የሚወጣበት መንገድም ጠባብ ነው። መዳቡ የተጠቀለለበት ቋሚ ክፍል በመካከል በዘንጉ ላይ ተቀምጦ፣ ማግኔት የተለጠፈበት ቅርፊት በዙሪያው ስለሚሽከረከር፣ ሙቀቱ ወደ ውጭ ለመውጣት በሁለቱ መካከል ያለውን አየር መሻገር አለበት። አየር ደግሞ እጅግ ደካማ የሙቀት አስተላላፊ ነው።

በትራንስፎርመር ላይ የሠራው ሞንትሲንገር በ1930 ባሳተመው ጥናት፣ የሽቦ መከላከያ ልባስ ሙቀቱ በ8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በሞተር መስክ ቆይቶ የተለመደው ስሌት በየ10 ዲግሪው ነው። ለ155 ዲግሪ የተመደበ ልባስ በዚያ ሙቀት 20,000 ሰዓት እንዲቆይ ይጠበቃል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይህ ከ54 ዓመት በላይ ነው። በ195 ዲግሪ ግን በዚሁ ስሌት 1,250 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። ከዚህ የምንረዳው የሞተሩ ዕድሜ በዓመታት የሚለካ አለመሆኑን ነው፤ በሜዳ ላይ ለዓመታት ምንም ሳይሆን የኖረ ሞተር በአንድ ረጅም ዳገት ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ሊያረጅ ይችላል። ማግኔቱም ከጉዳቱ ነፃ አይደለም። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ሊያጣ ይችላል፤ ለ120 ወይም ለ150 ዲግሪ የሚዘጋጀው ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ማግኔቱ የደከመ ሞተር ያለ ጭነት ሲሽከረከር ከቀድሞው ይልቅ ይፈጥናል፤ ባለቤቱም ተሻሽሎ ያገኘው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ለዚያው ጉልበት ከበፊቱ የበዛ ጅረት መጠየቁ ነው።

ይህን ሙቀት ለማውጣት የተሞከሩት ዘዴዎች ለብቻቸው ታሪክ ይወጣቸዋል። አንዳንዶች የሞተሩን የጎን ክዳኖች በመሰርሰሪያ በሱ። አየር በእርግጥ ገባ፤ ከአየሩ ጋር ዝናብም ገባ፤ እርስ በርስ የተደረቡት የቋሚው ክፍል ስስ ብረቶች ዛጉ። ሌሎች የማርሽ ዘይት ጨመሩበት፤ ዘይቱም ገመዱ በሚወጣበት ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ፍሬኑን አበላሸ። ብልኅ ሊባል የሚገባው መፍትሔ የመጣው በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ከሚገኘው ግሪን ቴክኖሎጂስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ውስጥ ስቲቭ ፓፔል ክብደት በሌለበት ሕዋ የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ የፈጠረውን ማግኔት የሚስበው ፈሳሽ፣ ይህ ድርጅት ለሞዞ ሞተር አዋለው። ጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ብቻ በቀዳዳ ሲጨመር፣ ማግኔቶቹ ስበው ያንን ጠባብ የአየር ክፍተት ያስሞሉታል፤ ሙቀቱም በአየር ፋንታ በፈሳሹ በኩል ወደ ቅርፊቱ ይሻገራል። ለሮኬት የታሰበ ፈሳሽ ቢስክሌት ለማቀዝቀዝ መዋሉ የቴክኒክ ታሪክ ከሚያሳያቸው ያልተጠበቁ መንገዶች አንዱ ነው።

የተዘጋ ሞተር እንኳ ከውሃ ፈጽሞ አያመልጥም። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ እርጥበት ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ገመዱ ከላይ ወደ ዘንጉ ቁልቁል የሚገባ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ እርሱኑ ተከትሎ ይገባል። ገመዱ ከዘንጉ በታች ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲገባ ማድረግ ምንም ወጪ የሌለው ሲሆን ብዙ ሞተር ያድናል።

ሁለተኛው የብልሽት ምንጭ ዘንጉ ነው። ቢስክሌት ሲሠራ የጎማውን ዘንግ የሚይዘው ቦታ ክብደትን እንጂ የማዞር ጉልበትን እንዲሸከም አልታሰበም፤ ሞተሩ ግን ጎማውን ወደ ፊት ባዞረ መጠን ዘንጉን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ፣ እንዳይዞር የሚከለክለው በሁለት ጎኑ 10 ሚሊ ሜትር እስኪሆን መሞረዱ ብቻ ነው። በባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ 40 ኒውተን ሜትር የሚሆን ጉልበት በዚያ ጠባብ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ከ4,000 ኒውተን በላይ ኃይል ይሆናል። ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ በቢስክሌቱ አካል ላይ በሚታሰር የ10 ሳንቲ ሜትር የብረት ክንድ ሲደገፍ ግን 400 ኒውተን ብቻ ነው። ይህ ክንድ በሌለበት ዳዶው ይላላል፤ በተለይም ሞተሩ እንደ ፍሬን ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ግፊቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚቀያየር መላላቱ ይፋጠናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሂደት ፈጣን ነው። ዘንጉ ይሽከረከራል፤ በውስጡ የሚያልፉት ገመዶች ተጠምዝዘው ይቆረጣሉ፤ የተገላለጡት ሽቦዎች ሲነካኩ የመቆጣጠሪያው ትራንዚስተሮች ይቃጠላሉ። ጠጋኙ የሚያየው የተቃጠለ መቆጣጠሪያ ነው፤ መነሻው ግን አንድ ያልጠበቀ ዳዶ ነበር።

ባለ ማርሹ የሞዞ ሞተር ውስጡ ከጎማው አራት ወይም አምስት ጊዜ ስለሚፈጥን ቀላልና በዳገት ላይ የተሻለ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት በየጊዜው የሚለወጡት የናይለን ማርሾቹና የሚደርቀው ግሪሱ ናቸው። በፔዳል ዘንግ ላይ የሚተከለውም እንደ ቻይናው ባፋንግ ያሉ ድርጅቶች ያስፋፉት ዓይነት የቢስክሌቱን ማርሽ ስለሚጠቀም ሞተሩ በሙቀት አይጨነቅም፤ ለሰው እግር የተሠሩት ካቴናና ጥርሶች ግን በእርሱ ፈንታ ያልቃሉ።

ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። መቆጣጠሪያው ለየትኛው ጥቅል ጅረት መቼ እንደሚልክ የሚያውቀው፣ ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ክስተት በሚሠሩ ሦስት ጥቃቅን መስማቶች አማካይነት ነው። የአንዱ ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሆኖም አንዱ በሙቀት ሲሞት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ወይም ፈጽሞ ይቆማል፤ ብዙ ባለቤቶችም ሞተሩ ተቃጥሏል ብለው ይጥሉታል። መስማቶቹን የማይፈልግ፣ ከጥቅሉ ከራሱ በሚመነጨው ቮልቴጅ የሚመራ መቆጣጠሪያ ቢተካለት ግን ያ የተጣለ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ጥቂት ከመንገዳገዱ በቀር እንደገና ይሠራል።

ይህ ዓይነቱ ጥገና የሚቻለው ሞተሩና መቆጣጠሪያው ሲለያዩ ነው። ቢዮኒክስ የተባለው የካናዳ ድርጅት መቆጣጠሪያውን በሞዞው ውስጥ አዋሕዶ፣ ሞተሩና ባትሪው በራሱ ምሥጢራዊ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ያደረገ፣ በጥራቱም የተመሰገነ ሥራ ነበረው። ድርጅቱ በ2018 በኪሳራ ሲዘጋ ያልተበላሹ ሞተሮች ባትሪያቸው ባረጀ ጊዜ ዕዳ ሆኑ፤ ሌላ ባትሪ ቢታሰርላቸው አይታዘዙምና። አንዳንድ ባለቤቶች ያንን ቋንቋ መርምረው የራሳቸውን ፕሮግራም በመጻፍ ሞተራቸውን አተረፉ። በአንጻሩ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ርካሽ ሞተር፣ ሦስት የጥቅል ገመድና አምስት የመስማት ገመድ ብቻ ስላለው፣ ኩሽኔታውም ከየትም የሚገኘው የ6200 ተከታታይ ስለሆነ፣ ከሠሪው በኋላም መኖር ይችላል። በዚህ መለኪያ ርካሹ ከውዱ ይበልጣል ማለት ለብዙ መሐንዲስ የሚዋጥ አይደለም፤ ማስረጃው ግን የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና ለማኅበሩ አባላት የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች የመዳብ ሽቦውን፣ ቫርኒሹንና እጁን ይዘዋል። የሞዞ ሞተር ሲመጣላቸው የሚያስቸግራቸው በአንድ ጥርስ ላይ ጎን ለጎን የሚጠቀለሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዛት፣ ቋሚውን ክፍል ከማግኔቶቹ ስበት መንጭቆ ለማውጣት የሚያስፈልገው ማውጫ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርሶቹ በየትኛው ተራ እንደሚገናኙ የሚያሳየው ንድፍ ነው። ማውጫውን በማናቸውም የቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ንድፉንም የተቃጠለው ጥቅል ከመፈታቱ በፊት ተራውን በወረቀት ላይ በማስፈር ማግኘት ይቻላል።