የመረጃ ቋት ፋይሎችን ማዛወር

የመረጃ ቋት ፋይሎችን ማዛወር ማለት፣ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሚሠራ እንደ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለ የመረጃ ቋት መዛግብቱን ያኖረበት ዲስክ ሲሞላ ወይም ሲያረጅ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ወደ ሌላ ዲስክ የማሻገር ሥርዓት ነው። ዋናው መዝገብ በኤምዲኤፍ፣ የለውጡ ዜና መዋዕል በኤልዲኤፍ ፋይል ይጠበቃል፤ በተለያየ ዲስክ ቢቀመጡም አንዱ ያለ ሌላው ምሉዕ አይሆንም።

ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርደው በራሃድ ወንዝ አጠገብ፣ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በሀዋታ የሰሊጥና የማሽላ መጋዘን ሒሳብ የሚጠብቅ ጸሐፊ ቢኖር፣ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ሙሉ ባካፕ ወስዶ በእውነት የሚመለስ መሆኑን መፈተን ነው፤ ያልተፈተነ ባካፕ እምነት አይጣልበትምና። ከዚያ በ«ኦልተር ዳታቤዝ» ትእዛዝ አዲሱን አድራሻ አስመዝግቦ፣ ቋቱን ኦፍላይን አድርጎ፣ ፋይሎቹን ይገለብጣል፤ ቆርጦ መውሰድ ግን በእኔ አስተያየት ድፍረት ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ በአዲሱ ፎልደር ላይ ለኤስኪውኤል ሰርቨር የአገልግሎት አካውንት ሙሉ ሥልጣን ካልተሰጠ፣ ፋይሉ በዓይን እየታየ፣ ቋቱ የዊንዶውስን ስሕተት ቁጥር 5 አሳይቶ አልከፈት ይላል። ሲከፈትም ደኅንነቱ በ«ዲቢሲሲ ቼክዲቢ» ይመርመር፤ ይህ ሳይፈጸም አሮጌው ፋይል አይሰረዝ።